የዳንጊሶ አምባር

ሰኞ ነሐሴ 14 ቀን 1976 ዓ.ም. ጧት አራት ሰዓት ላይ ሙዚየም ተዘርፏል ተብዬ ስጠራ፣ ገና ከወንበሬ ሳልነሣ ነው መበሳጨት የጀመርኩት። ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ከተማዋ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀይ ቀለም ትለቀለቃለች። የጣቢያችን ብቸኛ ላንድሮቨር መፈክር ለመስቀል ተወስዳለች። በጋሪ ሄድኩ። ዝናቡ ከላይ፣ ጭቃው ከመንኮራኩሩ ሥር እየመጣ አንድ ላይ አጠቡኝ።

ሙዚየም ይባል እንጂ ሁለት ክፍልና አንዲት ጓዳ ነች። ኃላፊው ጓድ አምሳሉ የተተኮሰ ካኪያቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ጓድ መቶ አለቃ ሽበሺ፣ የሕዝብ ቅርስ ተሸጧል» አሉኝ፣ ሰላምታም ሳይቀድም።

ወደ ውስጥ ወሰዱኝ። የመስታወት ሣጥኑ ቁልፍ አልተሰበረም፤ መስታወቱም ደህና ነው። ውስጡ አንድ ወፍራም የናስ አምባር ተቀምጧል። ፊቴ እስኪታየኝ ድረስ ያበራል። አጠገቡ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ካርድ አለ፦ «የናስ አምባር። ከአቶ ዳንጊሶ ቤተሰብ፣ ሲዳማ። መልኩ ጥቁር አረንጓዴ። ዘጠኝ ጭረት። ክብደት 22 ጠገራ ብር።»

ጭረቶቹን ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው። መልኩም ጥቁር አረንጓዴ አይደለም።

«ዓርብ ማታ ስዘጋ ጥቁር እንደነበረ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ ጓድ አምሳሉ። «ዛሬ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ ይሄ ተቀምጦ አገኘሁ። ዋናውን ወስደው አስመስለው የሠሩትን ተክተዋል። የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ኪስ ውስጥ ነው፣ ሁለተኛው እሷ ጋ።»

«እሷ ማን ናት?»

«ታቢታ። የብረታ ብረቱ ባለሙያ። ጴንጤ መሆኗንም ይመዝግቡልኝ። አምባሩ ሽማግሌዎች ቅቤ የሚቀቡት ነገር ነው። ጣዖት ነው ብላም ልታጠፋው ትችላለች።»

ሰው አስልኬ ከቤቷ አስመጣኋት። ሠላሳ ዓመት አይሆናትም፤ ቀጭን ናት። ወባ ይዟት ከነጋቢዋ ትንቀጠቀጥ ነበር። ከጓድ አምሳሉ ጋር አልተያዩም። ቀጥ ብላ ወደ ሣጥኑ ሄደች፤ ጎንበስ ብላ አየች፤ ቆይታ ቀና አለች።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ስድስት ዓመት በእጄ ይዤዋለሁ። ይሄ የኔ አይደለም።»

ቃሏን ጽፌ አስፈረምኳት። የወባው መንቀጥቀጥ በፊርማዋ ላይ ይታይ ነበር። አምባሩ የተለወጠ ከሆነ ደግሞ ሊለውጠው የሚችለው ቁልፍ ያለው ሰው ነው፤ ስለዚህ በዚያችው ፊርማ የራሷን ማሰሪያ እንደፈረመች የገባኝ ጣቢያ ከደረስን በኋላ ነው። አለቃዬ ሻምበል ታምሩ ግን ወዲያው ነው የገባቸው።

«አሻጥር ነው» አሉኝ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ከማዕከል ጓዶች ዝግጅቱን ሊያዩ ይመጣሉ፤ እዚህ ደግሞ ቅርስ ይሸጣል። እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ጊዜ አለህ። ዋናው አምባር የት እንዳለ ታውጣ። ካልሆነ መዝገቡ ወደ ልዩ ጦር ፍርድ ቤት ይሄዳል።»

እዚያ ሄዶ የተመለሰ መዝገብ አይቼ አላውቅም። የተመለሰ ሰውም እንደዚያው።

*

ማክሰኞ ጧት ታቢታን ከእስር ክፍል አስወጥቼ ቢሮዬ አስቀመጥኳት። ኪኒን ሰጥተዋት ትኩሳቱ ትንሽ ጋብ ብሎላታል።

«ሥራሽ ምንድን ነው? ብረት ማጽዳት?»

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው» አለች፤ ስልችት ባለ ድምፅ። «ማጽዳት አይደለም። ዝገት እንዳይበላው ማድረግ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት፣ ምሥራቅ ጀርመን ስድስት ወር የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ እጅን መሰብሰብ። በስንጥር፣ በጥጥና በባትሪ ውሃ እሠራለሁ። በቀን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ ከሠራሁ ብዙ ሠራሁ ማለት ነው።»

«የባትሪ ውሃ?»

«የቧንቧው ጨው አለው፤ ናስን ይበላል። ከጋራዥ እየለመንኩ ነው የማመጣው። ሦስት ዓመት ሙሉ አጉሊ መነጽር ግዙልኝ ብዬ ጻፍኩ፤ መጨረሻ ላይ በራሴ ገዛሁ። ኃላፊው በየስብሰባው ‹ይህቺ ልጅ ደመወዝ የምትበላው ዝገት ለመጠበቅ ነው› ይሉኛል።»

«አሁን ያለው አምባር የተለወጠ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«በቆዳው» አለች። «የዋናው ቆዳ የስንት አባት ቅቤና ላብ ነው። ቅቤ ናስ ላይ ሲቆይ አረንጓዴ ይሆናል፤ እንደ ሰም ይለጠፋል። አምባሩን የያዘ አባት ሁሉ አንድ አንድ ጭረት አድርጎበታል። የቆዩት ጭረቶች በጣም ቀጭን ናቸው፤ የሚታዩት ጥቁሩ ስለገባባቸው ብቻ ነው። አሁን ያለው ራቁቱን ነው፤ ምንም የለውም።»

«ቁልፍሽስ?»

«ከጓዳው በር ጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል። ዘበኛውም ያውቃል፣ ጽዳቷም ታውቃለች፣ ኃላፊውም ያውቃሉ።»

«እሳቸው አንቺ ጋ ነው ያለው ብለዋል።»

ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ንጋት የት እንደነበረች ጠየቅኳት። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰው ልኬ አጣራሁ፤ ዓርብ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስትገባና ሰኞ ሲነጋ ስትወጣ በመዝገብ ሰፍሯል። ዓርብ ማታ አምባሩ ጥቁር ከነበረ፣ ሰኞ ጧት ካበራ፣ በመካከሉ ደግሞ እሷ ግሉኮስ ተሰክቶላት ከተኛች፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ እያለኝ ወደ ሻምበል ታምሩ ገባሁ።

«ግብረ አበር አላት ማለት ነው» አሉኝ። «እሱንም ጨምረህ አምጣው።»

ደስታዬ ከበር እስከ ጠረጴዛ አልቆየም።

*

ግብረ አበር ለማግኘት ብዙ አልደከምኩም። የሙዚየሙ ዘበኛ ታቢታ በጥጥ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወደ ብር ሠሪው ጠሀ ሱቅ ስትገባ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቻለሁ አለ። ይህን ሲናገር እኔን ሳይሆን ጫማውን ነበር የሚያየው። ልብ አላልኩትም።

ጠሀ ገበያው ጫፍ ላይ ጠባብ ሱቅ አለው። አምባሩን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ ፊቱ ተለወጠ።

«ታቢታ እዚህ ምን ትሠራ ነበር?»

«ሙዚየሙ ሚዛን የለውም፤ እኔ ጋ እየመጣች ነው የምትመዝነው።» የብር ሚዛኑን አሳየኝ። በአንዱ ሰሃን ጠገራ ብር ይደረደራል፤ በሌላው ዕቃው ይቀመጣል። ካርዱ ላይ 22 ጠገራ ብር የተባለው ለዚህ ነው።

«እስኪ መዝነው።»

መዘነ። ሃያ አንድ ተኩል ሆነ። የጎደለውን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ስድስት ጭረት፣ ሌላ መልክ፣ ሌላ ክብደት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

«አንተ ነህ የሠራኸው?»

«አልሠራሁትም።»

«ማን ሠራው?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

አምባሩን ግን ቶሎ አልመለሰልኝም። በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው፤ ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተና ተወው። ከሁለት ዓመት በፊት ወርቅ ይነግዳል ተብሎ ስምንት ወር ታስሮ እንደነበረ አውቃለሁ። ሳይጠየቁ መናገር ምን እንደሚያመጣ የተማረ ሰው ነው። እኔም «ይሄ ነገር አዲስ ነው ወይስ አሮጌ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ያቺን አንዲት ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ሦስት ቀን ባላቃጠልኩ፣ ልጅቷም ሦስት ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ባልተኛች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሻምበል ታምሩ ጠሀንም አሰሩት።

*

ረቡዕ ወደ አቶ ዳንጊሶ ሄድኩ። ጓድ አምሳሉ ስማቸውን የሰጡኝ በራሳቸው ፈቃድ ነው። ሽማግሌው ባለፈው ዓመት ሙዚየሙ በር ላይ ቆመው «የአባቶቼን አምባር መልሱ» ብለው ጮኸዋል አሉኝ። አምባሩ በ1968 «ኋላ ቀር ልማድ» ተብሎ ከእጃቸው የተወሰደ ነው። ለመስረቅ ከሳቸው የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም።

ቤታቸው ከቡሹሎ ወዲያ ነው። ጋሪው ጭቃ ላይ ቆመና የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። አቶ ዳንጊሶ በእንሰታቸው መካከል ቆመው ቢላቸውን ይስላሉ። ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል፤ ወገባቸው ግን አልጎበጠም።

«አምባሩን ሰርቀዋል የሚል ጥቆማ አለ» አልኳቸው።

«የራስ ዕቃ እንዴት ይሰረቃል?» አሉኝ። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቃል እየመረጡ ይናገራሉ። «እኔ በቀን፣ በሰው ፊት ነው ስጡኝ ያልኩት። ሌሊት ብወስደው ለልጄ ምን ብዬ እሰጠዋለሁ? የሰረቅኩት ነው ብዬ?»

«ከታቢታ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«መጀመሪያ ተጣላን። ቅቤ አትቀባው፣ ይበላዋል አለችኝ። ቅቤ የሚበላው ነገር አለ? ኋላ ተስማማን። እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ እመጣለሁ፤ እጄን ቅቤ ቀብቼ እነካዋለሁ፤ እኔ ስሄድ እሷ በጥጥ ታነሣለች። እኔም አላይም፤ እሷም አትናገርም። ጥሩ ልጅ ናት።»

«ለመጨረሻ ጊዜ የነኩት መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ዘበኛው ለጽዳት ተዘግቷል አለኝ። ውስጥ ውሃ ይፈሳል። ሴት የማርያም መዝሙር ታዜማለች። ቆሜ ሰማሁ፤ ከዚያ ተመለስኩ።»

ዝናቡ ውስጥ ቆሜ ያቺን ነገር ደጋግሜ አስነገርኳቸው። ታቢታ ጴንጤ ናት፤ የማርያም መዝሙር አታዜምም። ቅዳሜም ሙዚየሙ ዝግ ነው ተብሎ ነበር የተነገረኝ። ዘበኛውም ኃላፊውም ማንም አልገባም ብለው ፈርመውልኛል።

ስመለስ ዘበኛውን ጥግ አስያዝኩት። «ጌታዬ፣ አራት ልጆች አሉኝ» አለ፤ ሌላ ነገር ማለት አልቻለም። ለነገሩ ሌላ ነገር ማለት አላስፈለገውም።

*

ሐሙስ ጧት ጓድ አምሳሉን ጽዳቷን ጥሩልኝ አልኳቸው።

«እህተማርያም? የዓመት ፈቃድ ላይ ናት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየች።»

ከሳቸው ቢሮ ወጥቼ ወደ መዝገብ ቤቷ ሴትዮ ገባሁ። ያ ዘመን ብዙ ነገር ቢጎድለውም ወጪና ገቢ ደብዳቤ መመዝገብ ግን አይጎድለውም ነበር። የእህተማርያም የፈቃድ ደብዳቤ የወጣው ሰኞ ነሐሴ 14 ነው። ሴትዮዋ ሰዓቱንም ጽፋዋለች፦ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ፊርማው የጓድ አምሳሉ ነው። የፈቃድ መጠየቂያ ማመልከቻ የሚባል ነገር ከፋይሉ ውስጥ የለም።

«ሳትጠይቅ ነው የተሰጣት?»

«እኔም ገርሞኝ ነበር» አለችኝ ሴትዮዋ። «በራቸውን ገና ስከፍት ነው ጻፊ ያሉኝ።»

ሦስት ተኩል ገባሁ ያሉኝ ሰው በሁለት ከሩብ ፈቃድ እየፈረሙ ነበር። ተዘረፍን ብለው ከመጮኻቸው በፊት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ከከተማው እንድትርቅ ፈልገዋል ማለት ነው። የደብዳቤውን ቁጥርና ሰዓት ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ።

እህተማርያም ግን ሩቅ አልሄደችም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል እህቷ ዓሣ ትሸጣለች፤ እዚያ ናት ተባልኩ። ጀልባዎቹ ገብተው ነበር። ሴቶቹ ዓሣ ይበልታሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እግራቸው ሥር ቆመው አንጀት ይጠብቃሉ። እህተማርያም ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ መረብ ታፍታታለች። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ አጥብቃ አስራለች። የጥፍሮቿ ሥር አረንጓዴ ነበር።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?»

ፈገግ አለች። «አዩት እንዴ? እንዴት ሆነ?»

«ምኑ?»

«አምባሩ ነዋ። ሰው አድርጌው የለ!» አለችና መረቡን ወደ ጎን አለችው። «ዓርብ ስብሰባ ላይ ጓድ አምሳሉ ‹ከማዕከል ሰዎች ሲመጡ ያልበራ ዕቃ እንዳላይ› አሉ። ታቢታ ወባ ይዟት ወንበር ላይ እንደተኛች ነው የሰማችው፤ መስማቷንም እንጃ። እሷ ደግሞ እጇ ቀርፋፋ ነው፤ አንዱን ዕቃ ወር ሙሉ በስንጥር ስትቧጥጥ አያታለሁ። በዚህ አያያዟ ሰዎቹ መጥተው ዕቃው ሁሉ ጠቁሮ ሲያገኙት እንጀራዋን ሊያሳጧት ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ቅዳሜ ቁልፉን ከምስማሩ አነሣሁና በሎሚ፣ በአመድና በሐይቁ አሸዋ ፈተግኩት። ፍልሰታ ነው፤ ጾሜን ሳልፈታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠራሁ። የሌሎቹን ሰኞ እቀጥላለሁ ስል ጓድ አምሳሉ በጧቱ ‹ደክሞሻል፣ ዕረፍት ውጪ› አሉኝ። መልካም ሰው ናቸው።»

መቀመጫ ፈለግኩና ከጎኗ ተቀመጥኩ። አራት ቀን ሌባ ስፈልግ የኖርኩት ኪሴ ውስጥ ያለውን አምባር ማን ሰረቀው እያልኩ ነው።

«ታቢታ ታስራለች» አልኳት። «በጣም ስላበራ አምባሩ ተለውጧል ብለው ነው።»

አጠፋሽው ብዬ ልነግራት አልቻልኩም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች፤ ጫማዋንም አላጠለቀችም።

«እንሂድ» አለች።

*

መጀመሪያ ወደ ጓድ አምሳሉ ነው የሄድኩት። ሁሉንም ዘረዘርኩላቸው፦ ሰዓቱን፣ ደብዳቤውን፣ ስብሰባውን። ሰኞ በጧት ገብተው አምባሩን ሲያዩ የራሳቸው ትእዛዝ ምን እንዳደረገ ገብቷቸዋል። ቅርስ አስፈተጉ ከመባል ቅርስ ተሰረቀባቸው መባል ይሻላል ብለው የታመመች ልጅ አሳሰሩ። ይህን ስላቸው ሲጋራ ለኮሱ።

«ሰዓቴ ተሳስቶ ይሆናል» አሉ። «ይልቅ እርስዎ አንድ ነገር ረስተዋል። የተለወጠ ነው ያለችው ባለሙያዋ ራሷ ናት። ፈርማለች። ከሷ የበለጠ የሚያውቅ ማን ነው? ጽዳቷ ፈተግኩት ካለችም ቅርስ አጠፋች ማለት ነው፤ እሷን እሰሯት። ለኔ አንድ ነው።»

ሻምበል ታምሩም ከዚህ የተለየ ነገር አልነገሩኝም። የጓድ አምሳሉ ስም መዝገብ ውስጥ እንዳይገባ አስቀድሞ ስልክ ተደውሏል። «ሁለት ሴቶች አሉህ» አሉኝ። «አንዷ ትገባለች። ምረጥ።»

ዓርብ ጧት አቶ ዳንጊሶን በጋሪ አስመጣኋቸው፤ አምባሩ ዋናው ራሱ መሆኑን የሚመሰክርልኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም። እህተማርያም ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ታቢታን ከእስር ክፍል አስወጣናት፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሻምበል ታምሩ ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን አምባር በእርሳስ ወደ ሽማግሌው ገፋ አደረጉት።

«ያውቁታል?»

አቶ ዳንጊሶ አምባሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አላወቁትም። ተስፋዬ እዚያው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ደግነቱ ወደ ውጭ አልወጡም፤ የቀኝ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። አምባሩን አንሥተው ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው አጠለቁት። ከአንጓቸው በላይ እስኪደርስ ገፉት፤ ትንሽ አዞሩት። ቆመ።

«ይሄ ውስጡ ጉብታ አለው» አሉ፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «የሠራው ሰው አልሞረደውም። አባቴን እዚህ ይወጋው ነበር። እኔንም ሃያ ዓመት ወጋኝ።»

አምባሩን ወደ ላይ ከፍ አደረጉና ክንዳቸውን ለሻምበሉ ዘረጉ። ከአንጓው በላይ አጥንቱ አጠገብ ባቄላ የሚያህል የደነደነ ጠባሳ አለ። የአምባሩ ጉብታ ከጠባሳው ጎድጓዳ ውስጥ ልክ ይገባል። ሻምበል ታምሩ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ ሞከሩት። ማንም ብር ሠሪ የማያውቀው፣ በየትኛውም ካርድ ላይ ያልተጻፈ ነገር ነው።

«እሱ ራሱ ነው» አሉ አቶ ዳንጊሶ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና ጭረቶቹን በጣታቸው እየነኩ በሲዳምኛ ስም መጥራት ጀመሩ። ከስድስተኛው በኋላ ጣታቸው የሚነካው አጣ። ወደ ታቢታ ዞሩ።

«ሦስት አባት የለም» አሏት።

ታቢታ አምባሩን ከእጃቸው ተቀበለች። አጉሊ መነጽሯን ከተያዘው ንብረቷ አውጥቼ ሰጠኋት። መስኮቱ ጋ ሄዳ ከጉብታው ሥር ያለውን ስንጥቅ ለረጅም ጊዜ አየች፤ አሸዋውና ሎሚው ያልደረሰበት፣ የስንዴ ፍሬ የማታህል አረንጓዴ እዚያ ቀርታለች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ትኩሳቱ የተመለሰ መሰለኝ። እያለቀሰች ነበር።

«ምን ያስለቅስሻል?» አሉ ሻምበል ታምሩ። ደስ ብሏቸዋል፤ ስርቆት ከሌለ ወንጀል የለም፣ ወንጀል ከሌለ ለማዕከል የሚጻፍ ነገር የለም። «ተፈትተሻል እኮ። ብር ሠሪውም ይፈታል።»

«የኔ ነው» አለች። «ተሰርቆ ቢሆን ይሻል ነበር ጌታዬ። የተሰረቀ ይፈለጋል።»

ሻምበሉ አልሰሙም፤ ወረቀት እያስጻፉ ነበር። ጸሐፊው አምጥቶ ፊቷ አኖረው። አነበበችው። «አምባሩ ዋናው መሆኑንና ምንም ዓይነት ጉዳት ያልደረሰበት መሆኑን በባለሙያነቴ አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ሁለተኛውን አልፈርምም» አለች። «ውሸት ነው።»

«ታቢታ» አልኳት ቀስ ብዬ። «ጉዳት ደረሰ ከተባለ ያደረሰው ሰው ስም ይጻፋል። የጓድ አምሳሉ ስም አይደለም የሚጻፈው።»

«ማን ነው ታዲያ?»

በሩ በከፊል ክፍት ነበር። በዓይኔ ወደ ኮሪደሩ አመለከትኳት። እህተማርያም አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ለታቢታ ያመጣችውን የተቀቀለ ድንች በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ትጠብቃለች። ታቢታ የሴትዮዋን አረንጓዴ ጥፍሮች አየች። ገባት። እኔ በሕይወቴ ሰው እንዲዋሽ የለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። የለመንኩትም ሌባ የሚያሰኛትን ነገር እንኳ እውነት ስለመሰላት ብቻ የፈረመችውን ልጅ ነው። ብዕሩን አነሣች። ይህኛው ፊርማዋ አልተንቀጠቀጠም።

ስትወጣ እህተማርያም ተነሥታ አቀፈቻት፤ ጉንጯን ሳመቻት፤ ግንባሯን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ትኩሳቱ አለ እንዴ? ድንቹን ብዪ በይ፣ ከነሙቀቱ ነው» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አየሽው ግን? እንዴት አድርጌ እንዳወጣሁት?»

ታቢታ ድንቹን ተቀበለች።

«አየሁት እትዬ» አለች። «አምሮበታል።»